የሐዘንተኛ እግር

ጦይባ ይመር እናቷ ያረፉባት ሰኞ ጠዋት ቁጥሯ ሠላሳ አንድ ነበር። ሆጤ ሜዳ ጠርዝ ላይ ካለው ሳጥን ጣቷን አስወግታ፣ ቁጥሩን አይታ፣ ደስ ብሏት ነው ወደ ቤት የተመለሰችው። ለሹፌር የሚፈቀደው ከሠላሳ አምስት በታች ነው። ሐሙስ ፈተና አለባት። ሠላሳ አንዷን ይዛ ሐሙስ ብትደርስ የሚነካት የለም።

ቤት ስትገባ እናቷ እማ ከድጃ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አርፈዋል። የሳንባ ምች አንድ ሳምንት አሰንብቷቸው ነበር። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ሌላ ልጅ የላቸውም፤ ጦይባም ሌላ ዘመድ የላትም። ፍራሽ ላይ የሚቀመጥ ሰው ቢፈለግ እሷ ብቻ ናት።

ደሴ ውስጥ ሰው ሲገናኝ «ስንት አደርሽ?» ነው የሚባባለው። «እንደምን አደርሽ» የሚሉ ጥቂት ሽማግሌዎች አሉ፤ ልጆች ይስቁባቸዋል። ቁጥሩ የደም ርጋት ነው። ዝቅ ካለ ደሙ እንደ ልቡ ይሄዳል፤ ከፍ ካለ የሆነ ቦታ ቆሞ ይረጋል፣ ሰውየውም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ ከተማው በሙሉ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሆጤ ይወርድና በየቀበሌው መስመር ይዞ አርባ ደቂቃ ይራመዳል። እርምጃው ማውራት የሚያስችል፣ መዝፈን የማያስችል ነው፤ ደንቡ ላይ በዚሁ ቃል ነው የተጻፈው። ዝናብም ቢሆን ይራመዳል። ወንበር አርባ ደቂቃ ይታገሳል፣ ከዚያ ከፊት ለፊት ዝቅ ይልና የተቀመጠውን ሰው አንሸራቶ መሬት ላይ ያቆመዋል። ጫት የሚቅሙት እየሄዱ ነው የሚቅሙት፤ ከፒያሳ ተነስተው ሮቢት ሲደርሱ ምርቃና ይይዛቸዋል። ልጅ ሊጠይቅ የተላከ ሽማግሌ ከአባትየው ጋር ሰፈር እየዞረ ነው ነገሩን የሚያነሳው። ከዘር በፊት ቁጥር ይጠየቃል።

በደም መርጋት የሚሞት ሰው ጠፍቷል። ይህን ማንም አይክድም።

የተቸገረው ለቅሶ ነው። ለቅሶ መቀመጥ ይፈልጋል። እናቱ የሞተችበት ሰው ፍራሽ ላይ ሦስት ቀን ይቀመጣል፣ ሰው እየመጣ አጠገቡ ያለቅሳል፣ በሦስተኛው ቀን ፍራሹ ይነሳል። ሕጉ ለሐዘንተኛ ሦስት ቀን ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን ለጣቱ ነው። ሦስት ቀን መርፌ አይወጋም። እግሩ ግን አያርፍም፤ እጁ ላይ ያለው እርምጃ ቆጣሪ አምባር በየቀኑ አርባ ደቂቃውን ይጠብቃል። ቀበሌው «የእግር ለቅሶ» የሚባል ነገር አምጥቶ ነበር። ሐዘንተኛው ከፊት ይሄዳል፣ ለቅሶ ደራሹ በተራ እየተጠጋ ሜዳውን አብሮት እየዞረ ያጽናናዋል። ሁለት ሰዎች ሞከሩት። ሰፈሩ እስከ ዛሬ በስማቸው ይስቃል።

ስለዚህ ቅሬ ለራሱ መላ አበጀ። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀባበርበት ማኅበር ነውና፣ ድንኳንና ቀብር እንደሚያሰናዳው ሁሉ እግርም ያሰናዳል። ሐዘንተኛው ፍራሽ ላይ ሲቀመጥ የቅሬው ዳኛ አምባሩን ያወልቁና ለተራማጅ ይሰጡታል። ተራማጁ ሐዘንተኛውን ሆኖ ይራመዳል። ተራው ደርሶ የቀረ አባል አሥር ዙር ይቀጣል።

ይህ ክልክል ነው። አምና የላይኛው ሰፈር ቅሬ አንድ ተራማጁ እጁ ላይ ሁለት አምባር አድርጎ ተያዘና ማኅተሙን ተነጠቀ። ኅዳር ላይ ከዚያ ሰፈር አንድ ሰውዬ ሞተ። ማኅተም የሌለው ቅሬ መቅበር ስለማይችል ሬሳውን የማዘጋጃ ቤቱ ጋሪ ወሰደው። ጦይባ አውቶቡሷን አቁማ አሳለፈቻቸው። ከኋላ የሚከተለውን ሰው ቆጠረች፤ አሥራ አንድ ነበር።

የጦይባ ሰፈር፣ የግራር አምባ፣ ቅሬ ዳኛ ጋሽ ደርብ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። ከቀብር ሲመለሱ ጦይባ አጠገብ በርከክ አሉና መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ጦይባዬ፣ አላህ ያጥናሽ። እጅሽን አምጪ።»

«ሐሙስ ፈተና አለብኝ ጋሽ ደርብ።»

«አውቃለሁ።»

«ጥር ላይ አንዴ ወድቄያለሁ። አሁን ከደገምኩ ፈቃዴን ለዓመት ይይዙታል።»

«እሱንም አውቃለሁ። መራመድ ከፈለግሽ ተራመጂ። ማንም አያማሽም።»

«ያሙኛል።»

«አዎ፣ ያሙሻል» አሉ ጋሽ ደርብ።

ጦይባ እጇን ሰጠች። አምባሩ ሲወልቅ ከሥሩ ያለው ቆዳ እንደ ሕፃን ገላ ነጥቶ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሐረጎን ስትወጣና ስትወርድ አንድ ቀን አውልቃው አታውቅም። ሐረጎ ጠመዝማዛ ነው፤ ሌላው መንገድ ላይ አውቶቡሱ ራሱን ይነዳል፣ እዚያ ቁልቁለት ላይ ግን ሰው ይቀመጥበት ተብሏል። ተሳፋሪው ቆሞ ነው የሚሄደው። የምትቀመጠው እሷ ብቻ ስለሆነች ከሁሉ በላይ የምትጠረጠረውም እሷ ናት። ሥራውን ትወደዋለች። ከወንበሩም፣ ከመጠምዘዣውም፣ «ያዙ!» ብላ ስትጮህ አርባ ሰው እኩል ብረት ሲጨብጥ ከሚሰማውም ድምፅ፣ የቱን እንደምትወደው ግን አታውቅም።

ጋሽ ደርብ ሦስት ተራማጅ መደቡ። ሰኞ በለጡ፣ ጎመን ነጋዴዋ። ማክሰኞ ልብስ ሰፊው ሙሄ። ረቡዕ መሪጌታ ሀብቴ፣ ከገብርኤል። ስንት ይራመዱ እንደሆነ አልነገሯቸውም። ለማንም ተነግሮ አያውቅም። ቅሬ ላይ «ስንት ይበቃል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ንፉግ ነው።

በለጡ አርባ ደቂቃውን ጨርሳ ልትመለስ ነበር። እማ ከድጃ ግን የበኩር ልጇን ያጠቡላት ሴት ናቸው። ለእሳቸው አርባ ደቂቃ ብቻ? ሃያ ስምንት ኪሎ ሜትር ሄደች። ሙሄ ይህን ማታ ሰማ። በማግስቱ ኩታበር ድረስ በእግሩ ሄዶ ተመለሰ። መሪጌታ ደግሞ ሙሄ ኩታበር መድረሱን ሲሰሙ «የእስላም እግር ከክርስቲያን እግር በለጠ እንዲባል ነው?» አሉና ረቡዕ የጦሳን ተራራ ሦስት ጊዜ ወጥተው ወረዱ። ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው። አጥንታቸው እንጂ ሌላ ነገር የላቸውም።

ይህ ሁሉ ለጦይባ አልተነገራትም። ለሐዘንተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም።

እሷ ተቀምጣለች። መጀመሪያ ቀን አርባ ደቂቃ በሞላ ቁጥር ገላዋ በራሱ ጊዜ ብድግ እያለ አስቸገራት፤ ከጎኗ ያሉት ሴቶች ጉልበቷን ተጭነው ያስቀምጧታል። ለቅሶ ደራሹ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ይገባል፣ ያለቅሳል፣ ሠላሳ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ዓይኑ በሩን ማየት ይጀምራል፣ ይወጣል፣ ቀጣዩ ይገባል። እሷ ብቻ አትንቀሳቀስም። ማክሰኞ ከሰዓት መዝለሉ ተዋት። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አሳርፋ እናቷን አንድ በአንድ አሰበች፤ ድምፃቸውን፣ ቁጣቸውን፣ አምባር እንቢ ብለው ቀበሌ የተከሰሱበትን ቀን። ሦስት ጊዜ ጮኻ አለቀሰች። አንዴም ሳቀች። ረቡዕ ፍራሹ ሲነሳ ሰውነቷ እንደ ታጠበ ልብስ ቀሎ ነበር፤ እግሯ ብቻ አብጧል።

ጋሽ ደርብ አምባሩን መለሱላት።

«ደህና ተራመዱልኝ?»

«ተራምደዋል» አሉ ጋሽ ደርብ። እሳቸውም ስንት እንደተሄደ ያወቁት ያን ቀን ነው፤ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ነበር፣ ጦይባ ግን አላየችውም።

ሐሙስ ንጋት ላይ እግሯን አየችና ደነገጠች። በጣቷ ስትጫነው ጎድጉዶ ይቀራል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የተነገራት አንድ ነገር ነው፤ የተቀመጠ ሰው ደሙ እንደ ተልባ ይወፍራል። ሦስት ቀን! ፈተናው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሆጤ ወረደችና ከመስመሯ ወጥታ መሮጥ ጀመረች።

በለጡ ከመስመሯ ሆና አየቻት።

«አንቺ! ምን ሆነሻል? ማን እያባረረሽ ነው?»

«ደሜን ላቅጥነው።»

«በአንድ ጠዋት? ቀስ በይ፣ ልብሽ ይወጣል!»

«ይውጣ» አለች ጦይባ። አሥራ አንድ ዙር ሮጠች፤ ባላት ኃይል፣ አንድም ጊዜ ሳታርፍ። ሰባተኛው ላይ አስመለሳት። አሥራ አንደኛው ላይ ጆሮዋ መስማት አቆመ። ከዚያ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ፈተናው ሄደች።

የሹፌሮች ፈተና ክፍል ውስጥ ሲስተር ማህደር የምትባል ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ነርስ ናት ያለችው። ጣቷን ወጋቻት። ሁለቱም ቁጥሩን አዩት።

አርባ አራት።

ሲስተር ማህደር ሌላውን ጣት ወጋች። አርባ አራት። መርፌውን አስቀምጣ አምባሩን አነበበች። ረጅም ጊዜ አነበበች።

«ወይዘሮ ጦይባ፣ እናትዎ አርፈው ነበር?»

«ሰኞ።»

«ነፍስ ይማር። ሰኞ ሃያ ስምንት ኪሎ ሜትር ተራምደዋል ይላል።»

ጦይባ የተወጋ ጣቷን በነጠላዋ ጠቀለለች።

«ማክሰኞ አርባ አንድ።»

*ኩታበር!* አለች ጦይባ በልቧ። ሙሄ ኩታበር እህት አለችው።

«ረቡዕ» አለች ሲስተር ማህደር፣ «ጦሳን ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያውን በሃምሳ ሁለት ደቂቃ።» ቀና አለች። «እኔ ጦሳን በሰባ ደቂቃ ነው የምወጣው።»

«ልጅ ነሽ፣ ትለማመጃለሽ።»

ሲስተር ማህደር አልሳቀችም። ወንበሯን ወደ ጦይባ ሳበች።

«ልንገርዎት። ሦስት ቀን መቀመጥ ሠላሳ አንድን አርባ አራት አያደርገውም። ሃያ ዓመት በየቀኑ የተራመደ ሰው ደሙ በሦስት ቀን አይበላሽም። ሰው ያንን አያውቅም፤ ስለማንነግረው ነው። ቢነገረው ደግሞ ይቀመጣል። ይህ ቁጥር የመቀመጥ አይደለም። ያልለመደ ሰው ድንገት ባለ በሌለ ኃይሉ ሲሮጥ ደሙ የቆሰለ ይመስለውና ለመርጋት ይዘጋጃል። ዛሬ ጠዋት ሆጤ ላይ አሥራ አንድ ዙር ሮጠዋል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ያ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ።»

«ካልሮጡ ኖሮ ያልፉ ነበር።»

ጦይባ ጉልበቷን አየች። ሊያስቃትም ሊያስለቅሳትም ይችል ነበር፤ ለሁለቱም ጊዜ አልነበራትም።

«እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ» አለች ሲስተር ማህደር። ድምፅዋን አልቀነሰችም፣ አልጨመረችም። «አንዱ፣ ሦስቱን ቀን ፍራሽ ላይ ነበርኩ፣ የሮጥኩት ዛሬ ብቻ ነው ይሉኛል። ያኔ የአንድ ጠዋት ድንጋጤ ነው ብዬ እጽፍና ቅዳሜ ይመለሳሉ። ቅዳሜ ሠላሳ ምናምን ይሆናል፣ ሰኞ ሐረጎ ላይ ነዎት። ግን አምባሩን ማን እንዳደረገው መጻፍ አለብኝ። ስምና ቅሬ።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው፣ ሁሉንም እኔ ነኝ የሄድኩት ይላሉ። መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር በሦስት ቀን፣ በላዩ የዛሬው። ይህ በራስ ላይ ጉዳት ማድረስ ነው። ከአርባ አራቱ ጋር ተደምሮ ፈቃድዎ ለዓመት ይታገዳል። ከዓመት በኋላ ዕድሜዎ አርባ ስምንት ነው። ለሐረጎ ከአርባ አምስት በላይ አዲስ አይቀጥሩም፣ ያውቁታል።»

ታውቀዋለች። ይህ ማለት ዓመት የሚባለው ዓመት አይደለም።

ጦይባ ስለ ስሞቹ አሰበች። በለጡ፣ ሙሄ፣ መሪጌታ። አራተኛ ጋሽ ደርብ። አራቱ ስም ወረቀቱ ላይ ከሰፈረ እስከ ሰኞ የግራር አምባ ማኅተም ጋሽ ደርብ መሳቢያ ውስጥ አይገኝም። እሷ ሐረጎን እየነዳች ትወርዳለች። የሰፈሯን ሰው ጋሪ ሲወስደው አውቶቡሷን አቁማ ታሳልፋለች።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ጦሳንም።»

ሲስተር ማህደር እስክሪብቶውን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ወይዘሮ ጦይባ፣ ውሸት ጽፌ እኔም ልጠየቅ? ሃምሳ ሁለት ደቂቃ እኮ ነው።»

«እናቴ ሞታብኝ ነበር። ሰው ሐዘን ላይ ምን እንደሚችል አታውቂም።»

«የመሮጫ ማሽኑ ያውና። ያንኑ ዳገት፣ ያንኑ ፍጥነት አደርገዋለሁ። አሥር ደቂቃ ብቻ። ከቻሉ እጽፋለሁ። ካልቻሉ ስሞቹን ይሰጡኛል።»

ሲስተር ማህደር እንቢ ትላለች ብላ ነበር። ጦይባ ግን ነጠላዋን ወንበሩ ላይ አደረገች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ማሽኑ ላይ ወጣች።

የመጀመሪያው ደቂቃ ደህና ነበር። ሁለተኛው ላይ ያበጠው እግሯ ጭቃ የያዘ ያህል ከበዳት። ሦስተኛው ላይ የጠዋቱ ሩጫ ሁሉ አንድ ላይ መጣባት። ማሽኑ አይጠይቅም፤ ይስባል፣ ትከተላለህ። አራት። ዳገቱን አታየውም፣ ከፊቷ ያለው ነጭ ግድግዳ ነው፣ ግድግዳው ላይ ስለ ወንበር የተጻፈ ማሳሰቢያ አለ። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። አምስት ላይ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ጨርቅ ተጨመቀ። መሪጌታ ሀብቴ በዚያ በአጥንት ገላቸው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ለእናቷ ይህን ሦስት ጊዜ አድርገዋል። ምን ነካቸው? ማን ላካቸው?

«ይወርዳሉ?»

ጦይባ ራሷን በእንቢታ ነቀነቀች፤ ለመናገር ትንፋሽ አልነበራትም።

ስድስት። ሲስተር ማህደር የምታየው የጦይባን እግር አልነበረም፤ ማሽኑ አጠገብ የሚወጣውንና የሚወርደውን የልብ መስመር ነው። ሰባተኛው ደቂቃ ሳይሞላ እጇን ሰዳ አጠፋችው።

«ይበቃል።»

«አሥር… ብለሽ…»

«ይሞቱብኛል እኮ! ይበቃል አልኩ። ይውረዱ።»

ወለሉ ላይ አስተኛቻት። እግሯን ወንበር ላይ ሰቀለችላት። ወንበሩ እግሯን አላንሸራተተም፤ እግር ብቻ ሲጫንበት መቁጠር አይችልበትም ይሆናል። ሲስተር ማህደር ጠረጴዛዋ ጋ ቆማ ጻፈች። እየጻፈች ድምፅዋን አሰማቻት፦

«ተፈታኟ ኪሎ ሜትሩን ራሷ ሄዳለች። ከልክ በላይ። ቁጥር አርባ አራት። ፈቃድ ለአንድ ዓመት ታግዷል።» ከዚያ ቀና ሳትል፣ «ቀብር ላይ ስንት ሰው ወጣ?»

«አራት መቶ የሚሆን።»

«አራት መቶ» አለች ሲስተር ማህደር። ይህን አልጻፈችውም።

ጦይባ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጣች። አራቱም ውጭ ነበሩ፤ ደጁ ላይ መቆም ስለማይፈቀድ ሕንፃውን እየዞሩ። በለጡ ቀድማ ደረሰችባት።

«ስንት ሆነ?»

«አርባ አራት።»

«ወይኔ! ሩጫው ነው፣ ነግሬሽ ነበር! ቅዳሜ አይደግሙልሽም?»

«አይደግሙልኝም። ለዓመት ተይዟል።» ጦይባ ጫማዋን አሁንም በእጇ ይዛዋለች። ሕንፃውን ተደግፋ ማድረግ ጀመረች። «ብዙ ሄደሻል አሉኝ። መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር።»

ጋሽ ደርብ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሙሄ መሬት መሬት አየ።

«ስማችንን ጠየቁሽ?» አሉ ጋሽ ደርብ ቀስ ብለው።

«ጠየቁኝ።»

«እና?»

«እኔ ነኝ አልኳቸው።»

ሙሄ በመሃረቡ ፊቱን ሸፈነ። በለጡ አፏን ያዘች። ጋሽ ደርብ ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ።

ጦይባ ሁለተኛውን ጫማ አሰረች።

«ለመሆኑ» አለች እያወቀች፣ «ጦሳን ማነው ያወጣኝ?»

መሪጌታ ሀብቴ እንደ ተማሪ እጃቸውን እስከ ጆሯቸው አነሱ።

«እኔ ነኝ ልጄ። ይቅር በይኝ።»

«በሃምሳ ሁለት ደቂቃ?»

መሪጌታ እጃቸውን አወረዱ። መሬት አዩ። ከውስጣቸው ጋር ሲታገሉ ይታያል።

«ሃምሳ አንድ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አምባሩ ተሳስቷል።»

ጦይባ ሳቀች። እየሳቀች ሕንፃው ሥር ቁጢጥ አለች፣ እየሳቀችም አለቀሰች፤ በለጡ ትከሻዋን ይዛ አብራት ሳቀች፣ ሙሄም ከመሃረቡ ሥር።

«እናትሽ በጣም ጥሩ ሰው ነበሩ እኮ» አሉ መሪጌታ። «እንዲያው ለእሳቸው ከሌላው አንሼ መገኘት ደስ አላለኝም።»

«አውቃለሁ መሪጌታ።» ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «እናቴ እግሯ ያማት ነበር። ከቤት ገበያ ለመድረስ አራት ቦታ ታርፍ ነበር። እኔም ሐዘንተኛ ነበርኩ። ሐዘንተኛ ጦሳን በሃምሳ አንድ ደቂቃ ይወጣል?»

«አይወጣም።»

«ሐዘንተኛ ኩታበር ይሄዳል ሙሄ?»

«አይሄድም» አለ ሙሄ።

«እንዴት ነው የሚሄደው?»

ሃያ ዓመት ተራምደዋል፤ ይህን አስበውት አያውቁም። ጋሽ ደርብ ደብተራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ደንብ ሲሆን የሚጽፉበት።

«እንዴት ነው?» አሉ። «ንገሪኝና ልጻፈው።»

«አይጻፍም፤ ይታያል» አለች ጦይባ። በግድግዳው ተደግፋ ተነሳች። ከዚያ በቁልቁለቱ ወደ ግራር አምባ መውረድ ጀመረች። አንድ እግሯን ታስቀድምና ሌላው እስኪደርስባት ትጠብቃለች። በየመብራት ምሰሶው ትቆማለች። አንዱ ጋ ራሷን አስደግፋ እስኪበቃት ቆየች።

አራቱ ከኋላዋ ሆነው እግሯን እያዩ ተከተሏት። መሪጌታ ሁለት ጊዜ ቀደሟት፤ ሁለቱንም ጊዜ አፍረው ወደ ኋላ ተመለሱ።